ከኮሮና በኋላ ሠራተኛውን ማን ጠየቀው?

መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ተገደበባቸው። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ገና 18 ቀኑ ነበር። ስለዚያ ሰሞን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ፍርሃቱንና የኑሮውን መቆም ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ መሥሪያ ቤቶቻችን በስንት ቀን ውስጥ ተለወጡ?

እስኪ እናስታውስ። “በጀት የለም” ሲባልበት የኖረ ቢሮ በሩ ላይ ሮቶ ተተከለ፣ ሳሙና ተቀመጠ። ወንበሮች ተራራቁ፣ መስኮቶች ተከፈቱ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የግድ ቢሮ መገኘት የማይጠበቅባቸውን ሠራተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ አደረጉ። ለዓመታት “አሠራሩ አይፈቅድም” ሲባል የነበረው ሁሉ በአንድ ሳምንት ተቻለ።

ከዚያስ? ዛሬ አዲስ ቅዳም ውስጥ ወዳሉት ቢሮዎች ጎራ ስል የማየው ሮቶው ቆሞ ቧንቧው ደርቆ ነው። መስኮቱም ተዘግቷል። የመስኮቱስ ምክንያት አለው፤ የአዊ ብርድ ቀልድ አይደለም። ባለጉዳዩ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይወጣል፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ሠራተኛ ግን ሙሉ ቀን ነፋስ ይመታታል። ጠረጴዛዋን ማን አዙሮ አስቀመጠላት? ማንም። መስኮቱ የተከፈተው ለቫይረሱ ተብሎ እንጂ ለእሷ ተብሎ አልነበረም። ስለዚህ ቫይረሱ ሲረሳ አብሮ ተዘጋ።

የእኔ ነጥብ ይኼ ነው። በኮሮና ጊዜ የሥራ ቦታን በአጭር ጊዜ መለወጥ እንደሚቻል አየን፤ የለወጥነው ግን ለበሽታው ብለን ነው። ለሚሠራው ሰው ብለን ብንለውጠው ኖሮ እስካሁን ይቆይ ነበር።

በሌላው ዓለም ከወረርሽኙ በኋላ ክርክሩ “ከቤት ይሠራ ወይስ ከቢሮ?” የሚል ነው። ትሪፕ ዶት ኮም የተባለው የቻይና የጉዞ ኩባንያ 1,612 ሠራተኞቹን ይዞ ለስድስት ወራት ሙከራ አደረገ፤ ከፊሎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ሥራ የሚለቁ ሰዎች ቁጥር በሲሶ ቀነሰ፣ የሥራ ውጤትም አልወረደም። የሚገርመው፣ ኃላፊዎቹ ከሙከራው በፊት ምርታማነት ይቀንሳል ብለው ገምተው ነበር። ሲያዩት ሐሳባቸውን ለወጡ።

አዲስ ቅዳም ላይ ከቤት እንሥራ ማለት ብዙም አያስኬድም። ፋይሉ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ባለጉዳዩም ከገጠር ቀበሌ በእግሩ ነው የሚመጣው። ትምህርቱ ግን ይሠራል፤ ኃላፊ ስለ ሠራተኛው በግምት ሲወስን ይሳሳታል።

የራሳችንም ማስረጃ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከወረርሽኙ በፊት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። የፋብሪካ ሥራውን ካገኙት ውስጥ አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ወጥተዋል። ሥራ አጥነት በበዛበት አገር ሰው ሥራ ጥሎ የሚወጣው ሰነፍ ስለሆነ ነው እንዴ?

ወደ ቢሮው እንመለስ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። መሐል ላይ ሦስት ወር ይቀራል። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ለወረዳም ሩቅ አይደለም። እስኪ እናስላው፦ አንዲት እናት ለማጥባት በቀን አንድ ሰዓት ቤቷ ደርሳ ብትመለስ በ22 የሥራ ቀናት 22 ሰዓት ይሄዳል። የመንግሥት ሠራተኛ የሳምንት ሥራ ሰዓት 39 ነው። አንድ ንጹሕ ክፍልና ፍራሽ ከዚህ ይበልጣል?

“ሰዓት አይነካም” የሚለኝ ካለ ዓርብን ያስብ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የምሳ እረፍቱ ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው። ዓርብ ግን 5፡30 ላይ ይጀምራል፤ ሙስሊም ሠራተኞች ለጁምዓ ሶላት እንዲደርሱ ማለት ነው። መሥሪያ ቤት አልፈረሰም። ሰውን አይቶ ሰዓት መቀየር እናውቅበታለን ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን የደመወዝተኛው ጉዳይ ነው። የአዲስ ቅዳም ትልቁ የሥራ ቦታ ቢሮ አይደለም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስን በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር ይተክላል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ቆርጦ ያከስላል። እንጨቱ ተደርድሮ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፣ ለቀናት ይጨሳል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተከፈተ ከሰል መሆኑ ቀርቶ አመድ ስለሚሆን ሌሊትም ጠባቂ ይፈልጋል። ያ ሰው የሚያድረው ጭሱ አጠገብ ነው።

በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ጭንብል አደረግን። ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲስብ የኖረው ከሰል አክሳይ ግን ስለ ሳንባው የጠየቀው አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የደኅንነት መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ የራሱን እንጨት የሚያከስል ሰው ግን አሠሪ የለውም። ደግሞ የጨርቅ ጭንብል ካርቦን ሞኖክሳይድን አያግድም። ለእሱ የሚሻለው የሥራ ቦታውን አቀማመጥ መቀየር ነው፤ የጠባቂው ጎጆ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫና ራቅ ብሎ እንዲሠራ፣ ሌሊቱ ለሁለትና ለሦስት ሰው በተራ እንዲከፈል። በማኅበር ለተደራጁት ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው ማክሰያ ቢገዛ አንድ እርምጃ ነው። ኮሮና የቢሮውን ወንበር ካራራቀ፣ የጠባቂውን ጎጆ ከጭሱ ማራቅ ይከብዳል?

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይነሳ፦ “ሥራህን በደንብ እንዳትሠራ የሚያደርግህ ምንድን ነው?” አንዷ ውኃ ትላለች፣ ሌላው ብርድ ይላል፣ አንዱ ጭስ። አብዛኛው መልስ ትልቅ ገንዘብ የሚፈልግ አይመስለኝም። ጠረጴዛ ለማዞርማ በጀት አያስፈልግም።