ሥራ የከበደው አዲስ ሹም ምክርን ከማን ይጠይቅ?

አንድን ሥራ እንዲመራ አዲስ የተሾመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ቢታየው የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፈውስ ከብዶት ሳለ እንዳልከበደው መስሎ ዝም ማለቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ስለዚህ ነው።

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ በኩል ኩሬ ለማስቆፈር፣ ግጦሽ ለማስከለል ወይም ከብት ለማስከተብ የሚላክ ሹም ሦስት ነገር ባንድነት ይገጥመዋል። አገሩ ሰፊ ነው፤ ዝናሙ በገናና በሐገያ ወራት የሚጠበቅና የማይታመን ነው፤ ሕዝቡም መንጋውን ተከትሎ የሚዘዋወር ነው። ይህን ሁሉ ብቻዬን እወጣዋለሁ ቢል ጊዜውም ገንዘቡም ይባክናል።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የአገሩን ሽማግሌዎች ነው። የቦረና ሰው ዘጠኙ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሥርዓት ሲያስተዳድር የኖረ ነው። ኤላውን ያስቆፈረው ኮንፊ ይባላል፤ የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስጠብቀው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ውሃውም የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው፤ ከመካከል አንዱ ቢጐድል ውሃው ከገንዳው አይደርስም። የጠቅላላው ሕዝብ ጉዳይም በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ይመከርበታል። ይህ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

ሁለተኛው መካሪ ያለፈው ሥራ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ የደቡብ ግጦሽ መሬት ልማት ተቋቁሞ በዚሁ አገር መንገድና ኩሬ አሠርቷል። ነገር ግን ቀድሞ በዝናም ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው አንዳንዱ መሬት ኩሬ ሲቆፈርበት ዓመቱን ሙሉ ከብት ሰፈረበትና ሣሩ ተጐዳ። በዚያው ዘመን ሣር ማቃጠል ስለ ተከለከለ ቍጥቋጦው በግጦሹ ላይ በረታ። አዲሱ ሹም ይህን መርምሮ ቢነሣ ያንኑ ጉዳት ከመድገም ይድናል።

ሦስተኛው የባለሙያ ምክር ነው። መንጋው በየት እንደሚያልፍ ሽማግሌው ያውቃል፤ አፈሩ ውሃ መያዙን መሐንዲሱ ይለካል፤ የሣሩንና የከብቱን ነገር ደግሞ በያቤሎ ያለው የምርምር ማዕከል ያጠናል። ከእነዚህ አንዱ የሌላውን ስፍራ አይተካም።

አራተኛው የበላይ አለቃው ነው። ለእርሱ የሚጻፈው ደብዳቤ የተፈጸመውን፣ የቀረውንና የሚፈለገውን እርዳታ ከነጊዜው ለይቶ ይግለጽ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሳይዘገይ መጻፉ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ በጐደሉ ጊዜ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። በእንዲህ ያለ አገር ኩሬው ከዝናሙ በፊት ካላለቀ ዝናሙ ሳይጠራቀም ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚደርስ እርዳታም ከብቱን አያድነውም።

ስለዚህ የበላይ ሹማምንት አዲስ ሰው እርዳታ ሲለምን እንደ ስንፍና አይቍጠሩበት። ስለ ጠየቀ የተገሠጸ ሹም ሁለተኛ አይጠይቅም፤ የሥራውም ጉድለት የሚታወቀው ከብቱ ካለቀ በኋላ ይሆናል።