በርቀት ተምሮ መብረር ይቻላልን?

በአገራችን የርቀት ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሞጁል ተቀብሎ፣ ቤት ሆኖ አጥንቶ፣ በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ከመምህር ጋር ተገናኝቶ ለፈተና መቀመጥን ነው። ሒሳብን፣ ሕግን ወይም ማኔጅመንትን በዚህ መንገድ መማር ለማንም እንግዳ አይደለም። ነገሩ ወደ አቪዬሽን ሲዞር ግን ጥያቄው ይከብዳል። በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገደኞች ሕይወታቸውን በአደራ የሚሰጡት ባለሙያ የዩኒቨርሲቲውን ቅጥር ግቢ ሳይረግጥ ሊማር ይችላልን? ይህ ጽሑፍ በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ያለውን የአሜሪካ ኤምብሪ-ሪድል ኤሮኖቲካል ዩኒቨርሲቲን አብነት በማድረግ ጥያቄውን ለመመርመር ይሞክራል።

ከጦር ሰፈር እስከ ኢንተርኔት

የተቋሙ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1925 በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ከተማ ነው። ዕለቱ የራይት ወንድማማቾች በሞተር ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ የበረሩበት 22ኛ ዓመት ነበር። ሂግቢ ኤምብሪ እና ጆን ፖል ሪድል ያቋቋሙት ይህ ኩባንያ አውሮፕላን ይሸጥና በረራ ያስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1965 ወደ ዴይቶና ቢች ፍሎሪዳ ተዛወረ፤ በ1970 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በዚያው በ1970 ዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር አብራሪዎች በሚሠለጥኑበት በአላባማ ፎርት ራከር ማስተማር ጀመረ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ወታደር ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ቦታ ይመደባል፤ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያም ብዙ ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። እንዲህ ያለው ሰው አራት ዓመት በአንድ ከተማ ተቀምጦ ሊማር አይችልም። ስለዚህ ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲው መምጣቱ ቀርቶ ዩኒቨርሲቲው ወደ ተማሪው ሄደ። ማስተማሪያ ማዕከላቱ በሌሎች የጦር ሰፈሮች ተስፋፉ፤ ኢንተርኔት ሲመጣም ትምህርቱ ከማዕከላቱ አልፎ ወደየቤቱ ዘለቀ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የርቀት ዘርፍ ተማሪዎች ቁጥር በፍሎሪዳና በአሪዞና በሚገኙት ሁለት መደበኛ ካምፓሶች ካሉት ተማሪዎች ድምር ይበልጣል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹም በሥራ ላይ ያሉ አብራሪዎች፣ የጥገና ባለሙያዎችና የጦር ሠራዊት አባላት ናቸው።

ሥሌቱ ይጓዛል

ከአቪዬሽን ዕውቀት ውስጥ በርቀት ሊተላለፍ የሚችለው የትኛው ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አውሮፕላን ከፍታውን ሳይለቅ 60 ዲግሪ ጋደል ብሎ ሲዞር ክንፎቹ የሚሸከሙት ኃይል የአውሮፕላኑ ክብደት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም የሆነው የ60 ዲግሪ ኮሳይን ግማሽ በመሆኑ ነው። አውሮፕላኑ ሳይወድቅ ሊበርበት የሚችለው ዝቅተኛ ፍጥነትም የ2 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 1.41 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በቀጥታ በረራ ወሰኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከነበረ በዚህ መዞሪያ ላይ 141 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አብራሪ ፍጥነቱ የሚበቃው እየመሰለው ሊወድቅ ይችላል። ሥሌቱን ግን እርሳስና ወረቀት ያለው ማንኛውም ተማሪ የትም ተቀምጦ ሊማረው ይችላል።

የአደጋ ምርመራ ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በአሪዞና ፕሬስኮት ካምፓሱ የእውነተኛ አውሮፕላኖች ስብርባሪ የተዘረጋበት የመለማመጃ ሜዳ አለው። ለርቀት ተማሪዎቹ ደግሞ ፍርስራሹን በኮምፒውተር እየተዘዋወሩ የሚመረምሩበት ምናባዊ ቤተ ሙከራ አዘጋጅቷል።

ጆሮ ሲያታልል

ይሁንና የማይጓዝም አለ። በውስጠኛው ጆሯችን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች ይገኛሉ። አውሮፕላን መዞር ሲጀምር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና መዞራችንን እንገነዘባለን። መዞሩ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያህል በእኩል ፍጥነት ከቀጠለ ግን ፈሳሹ ከቦዩ እኩል ይሄዳል፤ ስሜቱም ይጠፋል። አብራሪው አውሮፕላኑን ሲያቀና ፈሳሹ ለጊዜው መንቀሳቀሱን ስለማያቆም በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ይመስለዋል። ደመና ውስጥ ሆኖ አድማስን ማየት ካልቻለና ስሜቱን ካመነ፣ «አስተካከልሁ» ብሎ ወደ ቀድሞው መዞር ይመለሳል።

መድኃኒቱ መሣሪያውን ማመን መሆኑን ይህን ያነበበ ሁሉ አሁን ያውቃል። ነገር ግን መላ ሰውነት «ውሸት ነው» እያለ መሣሪያን ማመን በማንበብ ብቻ አይገኝም፤ ልምምድ ይጠይቃል። ለዚህ ዋጋ ተከፍሏል። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ የመጀመሪያውን የምስለ በረራ መሣሪያ በ1929 ቢሠራም ጦር ሠራዊቱ ትኩረት የሰጠው በ1934 ነበር፤ በዚያ ዓመት ፖስታ እንዲያመላልሱ የታዘዙ በርካታ ወታደራዊ አብራሪዎች በመጥፎ አየር ጠባይ ከሞቱ በኋላ ማለት ነው።

ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቃል። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪ ሆኖ በአየር መንገድ ለመቀጠር በመሠረቱ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። እውቅና ባለው ተቋም ሥልጠናውን ወስዶ በአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ ሰው ሰዓቱ ወደ 1,000 ሊወርድለት ይችላል። ዲግሪው 500 ሰዓት አቃለለ እንጂ ቀሪውን 1,000 የሚተካ አልሆነም።

እንግዲህ በርዕሱ ለተነሣው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ስለ በረራ በርቀት መማር ይቻላል፤ መብረር ግን አይቻልም። በዚህ መስክ የርቀት ትምህርት የሚመርጥ ተማሪም ከመመዝገቡ በፊት የትኛው ክፍል በኢንተርኔት እንደሚሰጥ፣ የትኛው በአውሮፕላንና በምስለ በረራ እንደሚሟላ ለይቶ ሊጠይቅ ይገባዋል። የ60 ዲግሪ ኮሳይን በአዲስ አበባም በዴይቶና ቢችም ግማሽ ነው፤ ጆሮን አለማመን ግን የሚለመደው በመለማመጃው ወንበር ላይ ብቻ ነው።