የመንገድ ዳር ሳር፦ ታጭዶ የት ይሄዳል?

አስፋልቱ ካለቀበት እስከ ማሳው ጠርዝ ድረስ ያለችው ቀጭን መሬት ባለቤት ያላት አትመስልም። ሥራዋ ግን ብዙ ነው። ጎማ የፈነዳበት ሾፌር የሚወጣው ወደ እሷ ነው፤ እግረኛ ከባድ መኪና ሲመጣበት ገለል የሚለው እሷ ላይ ነው፤ የክረምት ዝናብም ከአስፋልቱ ወርዶ የሚሄደው በእሷ ቦይ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ለዚህች መሬት በጀት ይመድባሉ፤ ሳሯንም ያሳጭዳሉ።

አንደኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። በመታጠፊያና በመገናኛ ላይ የረዘመ ሳር ከወዲያ የሚመጣውን መኪና ይጋርዳል፣ የትራፊክ ምልክት ይሸፍናል፣ ቦዩን ሲደፍነው ደግሞ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ዛፍ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጄኔራል ሞተርስ የመኪና መሞከሪያ ላይ ከመስመር የወጡ መኪኖች ሲጠኑ፣ 80 በመቶ ያህሉ ከመንገዱ ጠርዝ 9 ሜትር ሳይርቁ መቆም ወይም መመለስ እንደሚችሉ ታየ። በፈጣን መንገዶች ዳር ወፍራም ግንድ እንዳይኖር መሐንዲሶች የሚሟገቱት ለዚህ ነው።

በብሪታንያ ይህች መሬት ሌላም ሥራ አግኝታለች። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አበባ የሚበዛባቸው የሳር መስኮች 97 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል፤ ታርሰዋል ወይም ማዳበሪያ ተነስንሶባቸዋል። ማረሻም ማዳበሪያም ብዙም ያልነካው የመንገዱ ዳር ነበር። ለዱር ዕፅዋት የሚቆረቆረው ፕላንትላይፍ የተባለ ድርጅት እንደሚለው በብሪታንያ መንገዶች ዳር ከ700 በላይ የዱር አበባ ዝርያዎች ይበቅላሉ።

እንግዲህ ደኅንነት «እጨድ» ይላል፤ አበባው «ተወኝ» ይላል። ብዙ ሰው ማስታረቂያው ማጨዱን መቀነስ ብቻ ይመስለዋል። ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የታጨደው ሳር የት ይሄዳል የሚለው ነው።

የተለመደው የትራክተር ማጨጃ ሳሩን ፈጭቶ እዚያው ይጥለዋል። የተፈጨው ሳር ይበሰብስና አፈሩን ያዳብራል። የዳበረ አፈር ለማሳ ጸጋ ነው፤ በመንገድ ዳር ግን የሚያፋፋው ጉልበተኛውን ሳር ነው። ሳሩ ከአምናው ይበልጥ ይረዝማል፣ ትንንሾቹን አበቦች ፀሐይ ይከለክላቸዋል፣ መሥሪያ ቤቱም ደጋግሞ ለማሳጨድ ይገደዳል፤ በገዛ ገንዘቡ የገዛ ሥራውን ያበዛል ማለት ነው። ሳሩ ታጭዶ ከተነሳ ግን አፈሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። በሳሳ አፈር ላይ ጉልበተኛው ሳር አይፋፋም፤ በጥቂቱ መኖር የለመዱት አበቦች ቦታ ያገኛሉ። ውሎ አድሮ የሚታጨድበት ጊዜ ራሱ ይቀንሳል።

በደቡብ እንግሊዝ የዶርሴት አውራጃ የያዘው ይህን መንገድ ነው፤ ማሽኑ ሳሩን አጭዶ እየሳበ ይጭነዋል። ረዳት ተክልም አለ፤ የሎ ራትል ይባላል። ሥሩን ከሳሩ ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡን ይሻማዋል፣ ሳሩም ይቀጭጫል። ይህ ተክል በየዓመቱ ከዘር ስለሚበቅል ዘሩ ሳይረግፍ የሚያጭድ ሰው ረዳቱን በገዛ እጁ ያጠፋል። ስለዚህ ዋናው አጨዳ አበባው ዘር እስኪጥል፣ ወደ በጋቸው ማብቂያ ይጠብቃል። ከአስፋልቱ ጋር የምትዋሰነው አንድ ሜትር ያህል ስፋትና መታጠፊያዎቹ ግን አይጠብቁም፤ ዓመቱን ሙሉ አጭር ሆነው ይቆያሉ። ይህች የታጨደች ጠርዝ ሌላም ጥቅም አላት፦ ከኋላዋ የቆመው ረጅም ሳርና አበባ የተረሳ ሳይሆን ታስቦበት የተተወ መሆኑን መንገደኛው ይረዳል፤ ወቀሳውም ይቀንሳል።

በዚያው አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የዌይመዝ መንገድ ሲሠራ መሐንዲሶቹ ከልማዳቸው ወጡ። እንደወትሮው ወፍራም አፈር አልብሰው ሳር አልዘሩበትም፤ ኮረብታው ሲቆረጥ የወጣውን ነጭ የኖራ አለት ስስ አፈር ብቻ አልብሰው የዱር አበባ ዘሩበት። ከተዘሩት መካከል ኪድኒ ቬች የተባለው ቢጫ አበባ ይገኛል። ትንሿ ሰማያዊ በመባል የምትታወቀው ቢራቢሮ አባጨጓሬዋ ከእሱ ሌላ አይበላም። መንገዱ ዳር 30 ያህል የቢራቢሮ ዝርያዎች ታይተዋል፤ ይህ ከአገሪቱ የቢራቢሮ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ነው። በመኪና የሚገጩ ነፍሳት መኖራቸው አይካድም፤ እኔ ግን መስኩ ሁሉ ከታረሰ በኋላ መንገድ ዳር የተገኘችውን መሬት መናቅ አይገባም ባይ ነኝ።

ሳርን አጭዶ መውሰድ ለእኛ ገበሬ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ መንገድ ዳር ማጭድ ይዞ ሳሩን ለከብቱ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የዶርሴቱ ማሽን የሚሠራውን ነው የሚሠራው፤ በዚያ ላይ ሳሩ ወተት ይሆንለታል። ከብቱን ራሱን መንገድ ዳር ከማሰማራትም ይሻላል፤ የደነበረ ጥጃ ለሾፌርም ለባለቤቱም አደጋ ነው።

የእኛ መንገድ ዳር ትልቁ ጣጣ ቅንጨ አረም ነው። ከአሜሪካ ምድር የመጣው ይህ አረም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በመኪና ጎማ ጭቃና በእህል ጭነት እየተጓዘ ብዙ ቦታ አዳርሷል። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመርራል፤ ሰው ላይ የቆዳ ማሳከክና የመተንፈሻ ችግር ያስነሳል። ዘር ከያዘ በኋላ ማጨድ ዘሩን ለሚቀጥለው ቀበሌ ማድረስ ነው። በየዓመቱ ከዘር ለምትበቅለው አደይ አበባ ደግሞ ሕጉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ዘሯን ሳትጥል መታጨድ የለባትም።

ስለዚህ የመንገድ ዳር የሚያስጠርጉ ወረዳዎችና ተቋራጮች መታጠፊያውንና ቦዩን በጊዜው ይጥረጉ፣ ቅንጨ አረሙን ሳያብብ ያስነቅሉ፣ አደይ የሞላበትን ደልዳላ ቦታ መስቀል አልፎ ዘሩ እስኪረግፍ ይተዉት። ቅንጨ አረም የሚነቅል ሰው ግን ጓንት ያድርግ፤ በባዶ እጅ አይነካም።