ሞተሩ እየሠራ ቶታል ሎስ?

እዚህ መቐለ የተጋጨ መኪና ስገምት ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። መልሱ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው።

ቪትዛችሁን ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ በፊት በ800 ሺህ ብር መድን ገባችሁለት እንበል፤ ዛሬ ገበያው 1.6 ሚሊዮን ቢሆንስ? የፊት መብራት፣ ራዲያተር፣ ኤርባግ፣ የላሜራና የቀለም ሥራ በአሁኑ ዋጋ ሲደመር 800 ሺውን ይጠጋል። ያኔ መኪናው ቶታል ሎስ ይባላል፦ ጥገናው ይቀርና ካሳው ይከፈላል፤ ቅሪቱን የመድን ኩባንያው ይወስዳል። በዚያ ብር ግን ሌላ ቪትዝ አይገዛም!

ከፊል ጉዳትም ቢሆን ያው ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት ንብረቱ ከዋጋው በታች ከተመዘገበ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ የጎደለውን ድርሻ የሚሸከመው ባለንብረቱ ነው፤ 300 ሺህ ብር ለፈጀ ጥገና 150 ሺውን ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ።

እባካችሁ፣ ውል ስታድሱ የዘንድሮውን የገበያ ዋጋ አስመዝግቡ። ቅሪቱን ለራሳችሁ ማስቀረት ከፈለጋችሁም የካሳ ሰነዱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ተናገሩ፤ ግምቱ ከካሳው ይቀነሳል።