ዝም ያለውን ጉበት በንዝረት መመርመር

ጉበት ሲጎዳ ቶሎ አያሳውቅም። የውስጥ ሥጋው ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የለውም። በዚህም የተነሣ የሄፓታይተስ ቫይረስ፣ አልኮል ወይም የተከማቸ ስብ ለዓመታት እየጎዳው ባለቤቱ ጤነኛ ነኝ ብሎ ሊኖር ይችላል። ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሆድ ውኃ ሲቋጥር በሽታው ሥር ሰድዷል።

ጉበት በተደጋጋሚ ሲቆስል ስቴሌት የሚባሉት ሕዋሳቱ ኮላጅን የተባለ ጠንካራ የፕሮቲን ክር ያመርታሉ። ይህ ጠባሳ ሲበዛ ለስላሳው ጉበት ይጠጥራል፤ ደምም በውስጡ እንደ ልብ ማለፍ ያቅተዋል። የመጨረሻው ደረጃ ሲሮሲስ ይባላል።

የጠባሳውን መጠን ለማወቅ ለረጅም ጊዜ ዋናው መንገድ ባዮፕሲ ነበር፤ ከጉበት በመርፌ ቅንጣት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት። ቅንጣቷ ግን ከጉበቱ 50,000ኛ እጅ ገደማ ብቻ ናት፤ ጠባሳ ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይሰራጭም። መርፌው ያማል፣ አልፎ አልፎም ደም ያፈስሳል። በየጊዜው እየደጋገሙ ለመከታተል አይመችም።

በ2003 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ ይፋ አደረጉ። መሣሪያው ፋይብሮስካን በሚል ስም ይታወቃል። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ ያደርጋል፤ ባለሙያው መፈተሻውን በቀኝ ጎድኖቹ መካከል ቆዳው ላይ ያሳርፋል። መፈተሻው በሰከንድ 50 ጊዜ በሚርገበገብ ቀላል ምት ቆዳውን ይነካል። ከምቱ የተነሣው ሞገድ ወደ ጉበት ሲዘልቅ አልትራሳውንዱ ጉዞውን ተከታትሎ ፍጥነቱን ይለካል። የተወጠረ የክራር አውታር ንዝረትን እንደሚያፈጥን፣ በጠጠረ ጉበትም ሞገዱ ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ጥንካሬው አራት እጥፍ ነው። ቢያንስ 10 ጊዜ ተለክቶ መሐለኛው ቁጥር በኪሎፓስካል ይመዘገባል። ምርመራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚዳስሰውም ሥጋ ከባዮፕሲ ቅንጣት 100 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

የጤናማ ጉበት ልኬት 5 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ ከ7 በላይ የሆነውን ጉልህ ጠባሳ፣ ከ12.5 በላይ የሆነውን ደግሞ ሲሮሲስ ሊሆን እንደሚችል አመላካች አድርጎ ይወስዳል።

ይሁን እንጂ ጥንካሬ ሁሉ ጠባሳ አይደለም። ጉበት ሲቆጣ፣ ልብ ደክሞ ደም ጉበት ውስጥ ሲጠራቀም፣ የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ፣ ምግብ እንደተበላም ልኬቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ታካሚው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ሳይበላ ይቆያል፤ ሐኪሙም ቁጥሩን ከደም ምርመራው ጋር አያይዞ ያነብባል። ሆድ ውኃ ከቋጠረም ሞገዱ ፈሳሽ ውስጥ ስለማያልፍ በዚህ መሣሪያ መለካት አይቻልም።

አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 እ.ኤ.አ. የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር ሲጀምር ይህን መሣሪያ ተጠቅሟል። በመርሐ ግብሩ ላይ የተመሠረተ ጥናት በዚያን ጊዜ የነበረው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሕክምና የሚገባቸውን ብዙ ሕሙማን እንደሚያልፋቸው አሳይቷል። መመሪያው አቅም በሌለበት ቦታ ሲሮሲስን በደም ምርመራ ስሌት እንዲለዩ ይመክር ነበር፤ በ2024ቱ መመሪያ የስሌቱ መለያ ነጥብ ዝቅ ተደርጓል።

በጊዜ መለየት የሚያዋጣው ጠባሳ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቴኖፎቪር የተባለውን መድኃኒት ለአምስት ዓመት ከወሰዱና ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 የሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን መካከል በ71ዱ ላይ ሲሮሲሱ በባዮፕሲ አልተገኘም። እንግዲህ ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ የለበትም። «ጉበቴ ምን ያህል ጠጥሯል?» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ምንም ሳያመው የሚያገኘው መልስ ሕክምና በወቅቱ እንዲጀምር ሊረዳው ይችላል።