ውፍረት፣ ኢንሱሊንና የጂን ሕክምና

በካምፓላ ከተማ፣ ኪቡሊ በተባለው ኮረብታ ላይ በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ፣ የስኳር በሽታ ያለባቸው አንድ አንጋፋ ባልደረባችን «በአንድ መርፌ የሚያድን ሕክምና ተገኘ ይባላል፤ እንግዲህ ክኒኑን ልተወው?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ መልሱን ለመምህራንና ለተማሪዎች ማብራራት ወደድን።

እንደሚታወቀው ምግብ ከተፈጨ በኋላ ስኳር ወደ ደም ይገባል። በዚህን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊንም ስኳሩ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያዛል። ይሁን እንጂ ሰው ከመጠን በላይ ሲወፍርና ስብ በጉበትና በጡንቻ ሲከማች፣ ሕዋሳቱ ለዚህ ትእዛዝ እምቢተኛ ይሆናሉ። ቆሽት አብልጦ ለማመንጨት ሲታገል ይደክምና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይከተላል።

ይህ ችግር ለካምፓላ ዱሮ እንግዳ ነበር። በሙላጎ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ሂዩ ትሮወል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአገሬው ሕዝብ ዘንድ ብርቅ እንደነበረ ታዝበው፣ ምክንያቱን በአመጋገብ ውስጥ ፈልገዋል። ዛሬ ግን በከተማው ውፍረትም የስኳር በሽታም የተለመዱ ሆነዋል።

ወደ አዲሱ ሕክምና እንመለስ። ጉበታችን ኤፍ.ጂ.ኤፍ. 21 የተባለ ሌላ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን የሕዋሳትን እምቢተኝነት ያለዝባል፤ ነገር ግን በደም ውስጥ ብዙ ስለማይቆይ በመድኃኒትነት ቢሰጥ መርፌውን መደጋገም ያስፈልጋል። ስለዚህ በስፔን አገር በባርሴሎና፣ በፋቲማ ቦሽ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ሌላ መንገድ ፈለገ። ሆርሞኑን ሳይሆን የሆርሞኑን ማዘዣ፣ ማለትም ጂኑን፣ በሽታ በማያስከትል ቫይረስ ላይ ጭኖ ወደ አይጦች ሰውነት አስገባ። አይጦቹም ሆርሞኑን ራሳቸው ያመርቱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተገለጸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የታከሙት ወፍራም አይጦች ክብደታቸው ቀነሰ፤ የጉበታቸው ስብ ጎደለ፤ ሕዋሳታቸውም ለኢንሱሊን ይታዘዙ ጀመር። ውጤቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። የአይጥ ዕድሜ ሁለት ዓመት ያህል በመሆኑ ይህ ጥቂት አይደለም።

ይሁንና አይጥ ሰው አይደለም። ክኒን ጉዳት ቢያመጣ ይቆማል፤ አንዴ የገባን ጂን ግን መልሶ ማውጣት ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ፣ ቫይረሱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰውነት ተዋግቶ ሕክምናውን ሊያከሽፈው ይችላል። ለውፍረት ሕክምና ተብሎ ለሰው የተፈቀደ የጂን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ዜና ሲሰሙ «በማን ላይ ተሞከረ? ምን ያህል ጊዜስ ተከታተሉት?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ባልደረባችንንም «ሐኪምዎን ሳያማክሩ ክኒንዎን እንዳይተዉ» አልናቸው።