ኮምፒውተራችንን ውሃ አጠጣነው

ከአርባ ምንጭ ወደ ካምባ በሚወጣ መኪና የተሳፈረ ሰው ይህቺን ነገር ያውቃታል። ዳገቱ መሃል ሞተሩ ይግላል፣ ሹፌሩ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ረዳቱ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይወርዳል። ባለፈው ጥር ወደ ቤት ስሄድም እንዲሁ ቆመን ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የመኪናውን ራዲያተር በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ሻንጣዬ ውስጥ የኮምፒውተር ራዲያተር ይዤ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ካምባ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። እንጀራው ግን የሠርግ ቪዲዮ ነው። ጥር ሲገባ ሥራው ይደራረባል፣ ሙሽሮች ይደውላሉ፣ የሙሽሮች ዘመዶችም ይደውላሉ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ነው፤ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ 7 8700ኬ ይባላል። ባለ 6 ኮር፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ሙቀት ያበዛል። ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል። አንድ ሁለቴ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ድርግም ብሎ ጠፍቷል።

ወንድሜ ቲክቶክ ላይ መብራቱ የሚብለጨለጭ የውሃ ማቀዝቀዣ አየና «ይሄ ነው መፍትሔው» አለ። 8,500 ብር በቴሌብር ላከልኝ። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ባለ ሁለት ማራገቢያ ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ያገለገለ የመረጥነው ወደን አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይህንን ዋጋ ይዞ ነው ወደ እኛ የሚመጣው።

አሠራሩ ከመኪናው ብዙም አይለይም። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ሳህን ይለጠፋል። ትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን በሳህኑ ላይ ያሳልፈዋል። ፈሳሹ ሙቀቱን ይዞ በጎማ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፣ ማራገቢያዎቹ ያበርዱታል፣ ይመለሳል። ውሃ የተመረጠው ሙቀት መሸከም ስለሚችል ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ሙቀት፣ አንድ ሊትር አየር ከሚይዘው ከ3,000 ጊዜ በላይ ነው።

ልብ በሉ፣ ውሃ ሙቀትን ይሸከማል እንጂ አያጠፋም። መጨረሻ ላይ ሙቀቱ የሚራገፈው ክፍሉ ውስጥ ባለው አየር ላይ ነው። ስለዚህ ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰራችሁ ከ22 በታች አይወርድም። ያው ኮምፒውተር አርባ ምንጭ ወርዶ 30 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ ውሃ ኖረውም አልኖረውም፣ 8 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ይሞቃል።

እናቴ ማቀዝቀዣውን አይታ «የምንጭ ውሃ ይጨመርበት?» አለች። 40 ምንጮች ባሉት አገር ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አይጨመርም! የምንጭም ሆነ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለበት ውሎ አድሮ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት ያስይዘዋል። የኛው ዓይነት ደግሞ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ ነው፤ አይከፈትም። ራሳቸው ቱቦ ቀጥለው የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙት የተጣራ ውሃና ዝገትና አልጌ የሚከላከል ፈሳሽ ነው።

ያገለገለ ነገር አይታመንምና ወደ ማዘርቦርዱ ከማስጠጋቴ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። ሶፍት አነጠፍኩ፣ ፓምፑን ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘሁ፣ ለ24 ሰዓት ላሠራው አሰብኩ። መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ 24ቱን ለመሙላት ሁለት ቀን ፈጀ። ሶፍቱ አልረጠበም። ወንድሜ በየሰዓቱ እየመጣ በጣቱ ይነካው ነበር። ዕዳው የሱ ነዋ! አንድ ጠብታ ማዘርቦርዱ ላይ ብታርፍ የጥር ገቢ አለቀ ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ግቢ ማለት ነው። ከውሃው ባይደርሰኝም አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ስለዚህ ወንድሜ እየተቁነጠነጠ በሦስት ደረጃ ለካሁ። ያው የአንድ ሠርግ ፋይል፣ ያው ክፍል፣ 22 ዲግሪ።

በመጀመሪያ እንዳለ ሞከርኩት። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ደረሰ፣ ፍጥነቱን ከ4.3 ወደ 3.6 ጊጋኸርዝ ቀነሰ፣ ሬንደሩ 94 ደቂቃ ፈጀ። 100 ዲግሪ ለዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው ነው፤ እዚያ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ይዘገያል።

ቀጥሎ ውሃውን ሳልነካ ኬዙን ከፈትኩ። አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሯል። ጎሚስታ ቤት ወስደን በኮምፕሬሰር አስነፋነው። (እናንተም ከሞከራችሁት መጀመሪያ ውሃ የቋጠረውን አየር ወደ ውጭ ይልቀቅላችሁ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ።) ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ጠቅላላ ወጪው 400 ብር። ሙቀቱ ወደ 86 ወረደ፣ ሬንደሩ በ79 ደቂቃ አለቀ።

ከዚያ ውሃው ገባ። የመጀመሪያ ሙከራዬ ውርደት ነበር። ራዲያተሩን ኬዙ ውስጥ ከማሰሬ በፊት ጠረጴዛው ሥር አስቀምጬ አስነሳሁት፤ ፓምፑ እንደ ጋያ ይንቦቀቦቅ ጀመር፣ ሙቀቱም ምንም ሳይሠራ ይወጣል። አጠፋሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ቱቦው ውስጥ ሁሌም ትንሽ አየር አለ፣ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። ፓምፑ ከሁሉም በላይ ከሆነ አየሩን እሱ ይውጠዋል። የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ ከፍ እንዲል አድርጌ ከፊት ሳስረው ጸጥ አለ።

ሁለተኛው ስህተት ሊያታልለኝ ነበር። ሬንደሩን በጀመርኩ በሁለተኛው ደቂቃ 58 ዲግሪ ሳይ ወንድሜን ጠርቼ ጨፈርን። ውሃ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። 20 ደቂቃ ሲሞላ 71 ላይ ደርሶ ረጋ። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ማቀዝቀዣ እንዳትገዙ የምለው ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያልተለካ ውሃ ገና አልተፈተነም።

ሬንደሩስ? 78 ደቂቃ።

ወንድሜ ዝም ብሎ አየኝ። «አንተ ልጅ፣ 8,500 ብሬ አንድ ደቂቃ ነው የገዛው?»

አዎ። ውሃው 15 ዲግሪ ቀንሷል፤ አቧራው መጥረጉ ግን 14 ብቻ። ሆኖም 400 ብሩ 15 ደቂቃ ሲያተርፍ 8,500ው አንድ ደቂቃ አተረፈ። ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ የሚዘገየው ጣሪያውን ሲነካ ነው። ከጣሪያው በታች ከሆነ በኋላ የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ በራሱ አይፈጥንም። ክፍል ውስጥ እንጀራን ምሳሌ አድርገው ያስተማሩን ነገር ነው፤ ለራበው ሰው የመጀመሪያው እንጀራ ሕይወት ነው፣ አራተኛው ሸክም ነው።

ለውሃው ጥብቅና ልቁም፤ ጩኸቱ ቀንሷል። ፕሮሰሰሩን ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ ለሚያስሮጥ፣ ወይም በቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ለሚያሠራ ሰው ይረባል። ደግሞ የሚገርመው፣ ያወረድኩት የአየር ማቀዝቀዣም ውሃ ነበረበት። የመዳብ ቧንቧዎቹ ውስጥ የታሸገች ጥቂት ውሃ እየተነነችና እየተመለሰች ሙቀት ታመላልሳለች። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ጌም የሚችል ከሆነ እሱም ውስጥ እንዲህ ያለ ስስ የመዳብ ሳህን ሊኖር ይችላል። ያውም ያለ ፓምፕ።

«ገዝተነዋል፣ በቃ ይቀመጥ» አለ ወንድሜ። እኔ ግን ተከራከርኩ። የወጣው ብር ወጥቷል፤ ጥያቄው ከዛሬ ጀምሮ ምን ይሻላል ነው። ፓምፕ ያረጃል፣ ጎማ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ሠርግ አለ። ሠርግ እንደገና አይቀረጽም።

አርባ ምንጭ ለሚኖር አንድ ጌመር በ7,000 ብር ሸጥነው፤ ሁሉንም ያየነውን ነግረነው። በብሩ ላይ ትንሽ ጨምረን ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ገዛን። አሁን እያንዳንዱ ሠርግ ሁለት ቦታ ይቀመጣል።

ኬዙ አጠገብ የቀለም ብሩሽ ተሰቅሏል። ወንድሜ በየወሩ መጀመሪያ አቧራውን ይጠርጋል። ባለፈው ስደውልለት ሬንደር ላይ ነበር፤ ስንት ዲግሪ ነው ብዬ ጠየቅኩት።

«85» አለኝ፤ «ሥራዬን ልሥራበት፣ ቻው።»